አሮጌ ሞተር ብስክሌትና የካራ ዳገት

አሮጌ ሞተር ብስክሌት አሳምሮ ያሠራ ሰው ሸጦለት፣ ከመገናኛ በኮተቤ በኩል ወደ ካራ የሚወጣ ወጣት ዳገቱ ላይ ጉድ ይገጥመዋል። ሞተሩ ያስላል፤ ጥቁር ጢስ ይተፋል። «ፒስቶኑ አልቋል» ሲሉት የወር ደመወዙን ይዞ ወደ ጋራዥ ይሮጣል።

አይቸኩል! አስቀድሞ ካንዴላውን ፈትቶ ይመልከት። ጥላሸት ከለበሰ ጥፋቱ የተራራው ሊሆን ይችላል። ካራ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ግን ይህን ከየት ይወቅ? ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይቀዳል፤ የተረፈውም ጥላሸት ይሆናል። መድኃኒቱ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ የነሐስ ብሎን በጠባብ መለወጥ ነው። ዴሎርቶ በሚባለው የኢጣልያ ካርቡራቶር 100 የተጻፈባት ቀዳዳዋ 1 ሚሊሜትር ነው፤ እዚህ 95 ትሞከራለች። ዋጋዋም ከፒስቶን ጋር አይወዳደርም።

ነገር ግን የቀድሞው ባለቤት ለጌጥ ብሎ (ይህ የተለመደ ነው) የአየር ማጣሪያውን አውልቆት እንደ ሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። ካንዴላው ከነጣ ቤንዚን አንሶታልና ቀዳዳዋን ማጥበብ ሞተሩን ማቃጠል ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፍሬኑ ይታይ። ከካራ መውረድም አለ! የጥንቱ የከበሮ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሲግል መያዙን ይተዋል፤ ስለዚህ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ይሻላል።