ሲልቪያ ፓንክረስት፦ ኢትዮጵያን ለውጭው ዓለም ያስረዱ እንግሊዛዊት

የአንድን ሀገር ጉዳይ ለሌላ ሕዝብ የሚያስረዳ ባለሙያ አስቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ አድማጩ ለምን ያምነዋል የሚለው ነው። በሕዝብ ግንኙነት ዘርፍ ለተሰማሩ ኃላፊዎች የሲልቪያ ፓንክረስት የሥራ ዘመን በዚህ ረገድ ሊጤን የሚገባው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 በማንችስተር የተወለዱት ሲልቪያ ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ በተደጋጋሚ ታስረዋል። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ “ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ” የተሰኘውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ዕለቱ 54ኛ የልደት ቀናቸውም ነበር። ጋዜጣው የመርዝ ጋዝ ጥቃቱንና በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ለእንግሊዝ አንባቢ ያሳወቀ ሲሆን፣ በምዕራብ አፍሪካም አንባቢዎችን አፍርቷል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው በ1928 ዓ.ም. ለንደን ሲደርሱ፣ ሲልቪያ ድጋፍ የሚሰጡት ለዘውዱ ሳይሆን ለዓላማው መሆኑን በግልጽ እንደነገሯቸው ይወሳል። ተደማጭነታቸው የመነጨውም ከዚሁ ነጻ አቋም ነው ማለት ይቻላል። ከድል በኋላ እንግሊዝ በኤርትራና በኦጋዴን የያዘችውን አቋም በመቃወም የገዛ ሀገራቸውን መንግሥት ያለመታከት ነቅፈዋል። በ1934 ዓ.ም. ላረፉት ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ለተሠራው ሆስፒታልም በእንግሊዝ ገንዘብ አሰባስበዋል፤ ይህ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የተባለው ነው።

በ1948 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ኑሯቸውን አዲስ አበባ ላይ አደረጉ። በተከታዩ ዓመትም “ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር” የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት በእንግሊዝኛ አቋቁመው ስለ ትምህርት፣ ስለ ጤናና ስለ ሴቶች ሰፋፊ ጽሑፎችን አወጡ። በጦርነቱ ዘመን ክስ ያቀርብ የነበረው ብዕር አሁን ግንባታን ወደ መዘገብ ዞረ።

ይሁንና በዚህ ምዕራፍ አንድ ጉድለት ይታያል። በሶሻሊስትነታቸው የሚታወቁት ጸሐፊ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ያሳዩት ወዳጅነት ለእንግሊዝ ባለሥልጣናት ያላጡትን ትችት ከዚህኛው ወገን አርቆታል። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት አርፈው፣ ወለተ ክርስቶስ ተብለው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጎን ተቀበሩ። ሦስት ወር ሳይሞላ የታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ተካሄደ፤ መጽሔቱን ብቻ ያነበበ የውጭ ሰው ነገሩ ድንገተኛ ሳይሆንበት አይቀርም።

መጽሔቱን ልጃቸው ሪቻርድ ከባለቤታቸው ከሪታ ጋር እስከ 1966 ዓ.ም. አዘጋጅተዋል። ሪቻርድ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ሆነው አገልግለዋል፤ በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ወደ ሀገሩ እንዲገባም ለዓመታት ተሟግተዋል። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ እርሳቸውም በዚያው ካቴድራል ተቀብረዋል።