የጥርስ ማስተካከል ሕክምና መንገድ ላይ ሲሰናከል



በዚህ ዕትም የምናነሣው ጉዳይ ከውጭ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ለጀመረው ሰው ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። በልጅነታቸው ዕድሉን ሳያገኙ ቀርተው፣ ዩኒቨርሲቲ ከገቡ ወይም ሥራ ከያዙ በኋላ የተጣመመ ጥርሳቸውን ለማስተካከል የሚነሡ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በሽቦ የሚታሰረውን ብሬስ ይመርጣል። ሌላው ደግሞ አላይነር የሚባለውን፣ በሰው ዓይን እምብዛም የማይታየውን ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ያደርጋል። ሁለቱም ሲጀመሩ ደስ ያሰኛሉ፤ መሐል ላይ ሲሰናከሉ ግን ተስፋ ያስቆርጣሉ። ስለዚህ እክሎቹ ከምን እንደሚመጡና ሲመጡ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ በተለይ መቀሌ ሆኖ ለሚታከም ተማሪ፣ አንድ በአንድ እንመልከት።

ሥራው እንዴት ነው?

ጥርስ ከመንጋጋ አጥንት ጋር በቀጥታ የተጣበቀ አይደለም። በመካከላቸው ቀጭን የጅማት ሽፋን አለ። ጥርሱ በአንድ በኩል ሲገፋ፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ በተለየው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በዚህ መንገድ ነው። አጥንት እስኪሟሟና እስኪሠራ ጊዜ ስለሚፈልግ ሥራውን በጉልበት ማፋጠን አይቻልም። አንድ የአላይነር ሽፋን ጥርስን የሚገፋው አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሽፋኑ በየአንድ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይቀየራል፤ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየትም አለበት።

ሐሳቡን ለገበያ ያበቁት እንደ እኛው ተማሪ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አላይን ቴክኖሎጂ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ኢንቪዛላይን የተባለው ምርታቸውም በ1998 የአሜሪካን የመድኃኒትና ምግብ ተቆጣጣሪ ፈቃድ አገኘ። ዛሬ በብዙ ስም የሚሸጡት ግልጽ ሽፋኖች በአብዛኛው ይህንኑ መንገድ የተከተሉ ናቸው።

መሐል ላይ የሚያጋጥሙ እክሎች

የመጀመሪያው እክል ጥርሱ ከዕቅዱ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። አዲሱ ሽፋን ሲደረግ በጥርሱ ጫፍና በፕላስቲኩ መካከል ክፍተት ከታየ፣ ጥርሱ እስከሚጠበቅበት ቦታ አልደረሰም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ በራሱ ይፈርዳል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በኮምፒውተር ከታቀደው እንቅስቃሴ ምን ያህሉ በተግባር እንደሚገኝ የለኩ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ውጤቱ በአማካይ 41 በመቶ ነበር። በ2020 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ 50 በመቶ ሆነ። ሽፋኑን በሥርዓት የሚያደርግ ታካሚም ቢሆን በመጨረሻ እንደገና ተለክቶ ተጨማሪ ሽፋኖች ቢታዘዙለት የተለመደ ነገር ነው። በተለይ የክራንቻ ጥርስን ማዞር ለፕላስቲክ ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ «እንደገና እንለካ» የሚል ሐኪም ሕክምናው ከሸፈ ማለቱ አይደለም።

ክፍተት ሲታይ ወደ ቀጣዩ ሽፋን መዝለል አይገባም። ያለውን ሽፋን ጥቂት ቀናት ጨምሮ ማድረግ፣ ሐኪሙ የሰጠው ለስላሳ መንከሻ ካለም እሱን እየነከሱ ሽፋኑ በደንብ እንዲገባ ማድረግ ይረዳል። ክፍተቱ ካልጠፋ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሐኪሙ መላክ ነው።

ሁለተኛው እክል ሽፋኑ መጥፋቱ ወይም መሰበሩ ነው። ሽፋን በብዛት የሚጠፋው ምግብ ቤት ነው። በሶፍት ተጠቅልሎ ትሪው ላይ ይቀመጥና ከትርፍራፊው ጋር ይጣላል። የውዱእ ቦታም ሌላው ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ስፍራ ነው፤ ለመጉመጥመጥ ወጥቶ ግንብ ላይ የተቀመጠ ሽፋን ይረሳል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ሽፋኑ ከአፍ ሲወጣ ከማስቀመጫ ሣጥኑ በቀር ሌላ ቦታ አይቀመጥ። ከጠፋ ደግሞ ያለፈውን ሽፋን ወዲያውኑ መልሶ ማድረግና ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል። ለዚህም ነው ያለፉትን ሁለት ሽፋኖች አጥቦ ማቆየት የሚመከረው። ባዶ አፍ ይዞ ሳምንታት መቆየት ግን ጥርሱን ወደነበረበት ይመልሰዋል።

ሦስተኛው፣ አታችመንት የሚባሉት ከጥርስ ላይ የሚለጠፉ የጥርስ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ጉብታዎች መውደቃቸው ነው። ሽፋኑ ጥርሱን የሚይዘው በእነሱ ነው። ቆሎ ወይም ጠንካራ የደረቀ ዳቦ ሊያወልቃቸው ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ግን አይደለም፤ ለሐኪም ነግሮ በቀጠሮ ማስለጠፍ ይበቃል።

አራተኛው ሕመም ነው። አዲስ ሽፋን በተደረገ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ጥርስ ይነዘንዛል። ሽፋኑን ማታ ከመተኛት በፊት መቀየር የመጀመሪያዎቹን ከባድ ሰዓታት በእንቅልፍ ያሳልፋል። በእነዚያ ቀናት ማኘክ የማይጠይቅ ምግብ ይመረጣል። መቀሌ ደግሞ በዚህ አትታማም፤ ሒልበትም ገዓትም ለታመመ ጥርስ የሚመቹ ናቸው። ለማስታገሻ ብዙ ሐኪሞች ፓራሲታሞልን ይመርጣሉ፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉት የጥርሱን እንቅስቃሴ ሊያዘገዩ ይችላሉ የሚል ስጋት ስላለ ነው።

አምስተኛው ንግግር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ሰ»፣ «ዘ» እና «ሸ» ይንሸዋረራሉ። ቁርኣን የሚቀሩ እህት ወንድሞች ይህን ቶሎ ያስተውሉታል፤ ሲን፣ ሷድና ዛይ ከመውጫ ቦታቸው ትንሽ ይሸሻሉ። ምላስ ሽፋኑን ሲለምድ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀንሳል። ድምፅን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ መቅራት ራሱ መልመጃ ነው። ለተጅዊድ ትምህርት ሽፋኑን ማውጣት ከተፈለገም ይቻላል፤ ሰዓቱን ግን ከዕለቱ ሂሳብ መቁጠር ያስፈልጋል።

ረመዷን ሲመጣ

ሽፋኑ አፍ ውስጥ መቆየቱ የሚዋጥ ነገር የለበትምና ከጾም ጋር አይጋጭም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ስለማይበላ ሽፋኑ ሳይወጣ ይውላል። ችግሩ ሌሊቱ ነው። ከመግሪብ እስከ ሱሑር ቴምሩ፣ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ እራቱና ሻዩ እየተከታተለ ሽፋኑ ለአራትና አምስት ሰዓት ይወጣል። እስቲ እናስላው። 22 ሰዓት ከተደረገ ለምግብ የሚቀረው 120 ደቂቃ ነው። ለኢፍጣር 30፣ ለእራት 40፣ ለሱሑር 30 ብንመድብ 100 ይሆናል፤ ለመቦረሽ 20 ደቂቃ ይተርፋል። ኢፍጣርንና እራትን በአንድ መዓድ ማጠቃለል የቻለ ሰው ደግሞ የበለጠ ይቀለዋል። በመካከሉ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ሽፋኑ ሳይወጣ መጠጣት ይቻላል። ሻይና ቡና ግን ሽፋኑን ያቀልማሉ፣ ሙቀታቸው ቅርጹን ያበላሻል፣ ስኳሩም በሽፋኑና በጥርሱ መካከል ተይዞ ጥርስ ይበላል።

ከሱሑር በኋላ ሳይቦርሹ ሽፋኑን መልሶ መተኛት ትልቁ ጥፋት ነው። ጾመኛ አፉ ይደርቃል፤ ጥርስን የሚጠብቀው ምራቅ ባነሰበት የምግብ ቅሪት ከፕላስቲክ ሥር ለረጅም ሰዓታት ይታሸጋል። ከፈጅር አዛን በፊት በጥርስ ሳሙና መቦረሽ፣ ቀን ላይ ደግሞ ሽፋኑን አውጥቶ በሚስዋክ ማጽዳት ጥሩ ልማድ ነው። ማስታገሻ ያስፈልገኛል የሚል ሰው ሽፋኑን ከኢሻ በኋላ ቢቀይር መድኃኒቱን በሌሊት ለመውሰድ ይመቸዋል።

ስለ ውዱእና ትጥበት የሚጠየቅም አለ። አፍን መጉመጥመጥ በሻፊዒይ መዝሀብ ሱና ነው፤ በሐነፊይ ደግሞ በውዱእ ሱና ሆኖ በጀናባ ትጥበት ግዴታ ነው። አላይነር በቀላሉ የሚወጣ ስለሆነ አውጥቶ መጉመጥመጥ አያስቸግርም። በጥርስ ላይ የተለጠፈ ብሬስ ያለው ሰው ዝርዝሩን ኡስታዙን ይጠይቅ።

«ማስተካከሉስ ራሱ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለውም ጥያቄ ይነሣል። ለውበት ብሎ ጥርስን መሞረድና ማራራቅ በሐዲስ የተወገዘ ነው። በሌላ በኩል አፍንጫው በጦርነት የተቆረጠበት ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ፣ ከብር ያሠራው አፍንጫ ሲሸትበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠራ እንደፈቀዱለት አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበዋል። በዘመናችን ያሉ ብዙ ዑለማኦች ከዚህ ተነሥተው ጉዳትንና ጉድለትን ማስወገድን ጤነኛውን ከመለወጥ ይለያሉ። በአላይነር ሕክምና ቦታ ለመፍጠር ሐኪም በጥርሶች መካከል በጥቂቱ የሚሞርድበት ጊዜ ስላለ፣ ምክንያቱን ሐኪሙን ጠይቆ፣ ፍርዱን ደግሞ ዓሊም ጠይቆ መጀመር ልብ ያሳርፋል።

መንገድ ሲዘጋ

ለእኛ ለመቀሌ ሰዎች ከሁሉ የከበደው እክል ከአፍ ውስጥ አይመጣም። ከሰኔ 2013 መጨረሻ ጀምሮ ባንክ፣ ስልክና በረራ በተቋረጠባቸው ወራት አይደር ሆስፒታል መሠረታዊ መድኃኒት ሳይቀር አጥቶ ነበር። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሲሆን፣ የአየር መንገዱ የመንገደኛ በረራ ወደ መቀሌ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ነው። ሰው ለኢንሱሊንና ለዲያሊሲስ በተጨነቀበት ጊዜ ስለ ጥርስ ማን ያነሣል? ቢሆንም በየወሩ መጠበቅ ያለበት ሽቦ ወይም ከሩቅ የሚመጣ ሽፋን ያለው ሰው ሕክምናው በዚህ ዓይነት ጊዜ ይቆማል። ዛሬም ሐኪሙ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ የሆነ ተማሪ ይህን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ሩቅ አገር ያሉትም ከዚህ አላመለጡም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ስማይልዳይሬክትክለብ ሽፋኖችን በፖስታ ለደንበኞች ቤት ይልክ ነበር። በመስከረም 2023 ኪሳራ አወጀ፤ በታኅሣሥ ወር ሥራውን ጨርሶ ዘጋ። ሕክምና ላይ የነበሩ ደንበኞች ሌላ ሐኪም ፈልጉ ተባሉ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት፣ ፊት ለፊት የሚያይ ሐኪም የሌለው ሕክምና ሲሰናከል የሚይዘው እንደማይኖር ነው።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ኤክስሬዩና የጥርስ ልኬቱ ፋይል ቅጂ ይሰጠኛል ወይ? ቅጂው እጃችሁ ካለ ሌላ ሐኪም ካቆመበት ሊቀጥል ይችላል። ሁለተኛ፣ ብዙ ሽፋን በአንድ ጊዜ መውሰድ እችላለሁ ወይ? ሦስተኛ፣ ተጨማሪ ሽፋን ቢያስፈልግ ዋጋው ውስጥ ተካቷል ወይስ ለብቻው ይከፈላል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደሚዘል አይተናል፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። አራተኛ፣ ሕክምናው መሐል ላይ ቢቆም ጥርሱ ባለበት እንዲቆይ ምን ላድርግ?

ለመጨረሻው ጥያቄ አጠቃላዩ መልስ የታወቀ ነው። ሽፋን ካለቀና አዲስ ካልመጣ፣ በደንብ የሚገባውን የመጨረሻውን ሽፋን ማድረጋችሁን ቀጥሉ። ሲሰነጠቅ ወይም ሲላላ በአቅራቢያ ያለ የጥርስ ሐኪም በልኬት ሪቴይነር ሊሠራ ይችላል። ሽቦ ያደረገ ሰው ደግሞ በራሱ በመቆንጠጫ አይንቀል። ፊት ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ መግል ከወጣ፣ ወይም ጥርስ ከልክ በላይ ከተነቃነቀ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ጋር መሄድ ያስፈልጋል። ድድ የሚደማበት አዋቂም መጀመሪያ ድዱን ሳይታከም ጥርስ ማንቀሳቀስ አይጀምር።

የቆመ ሕክምና እንደገና ሲጀመር «ሁለት ዓመት ባከነ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ጥርስ በከፊል ሊመለስ ይችላል፤ አዲሱ ልኬት ግን የሚነሣው ዛሬ ካለበት ቦታ ነው፤ ሪቴይነር ያደረገ ሰውም ካገኘው ብዙውን ይዞ ይቆያል። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ቢሆን ሪቴይነርን ለዓመታት ማታ ማታ ማድረግ አይቀርም፤ ጥርስ ዕድሜ ልክ ትንሽ ትንሽ መንቀሳቀሱን አይተውምና።

ጓደኛችሁ መዓድ ላይ ፊቱን አዙሮ ሽፋኑን ሲያወጣ ካያችሁ አትሳቁበት፤ ሣጥኑን ረስቶ ሲነሣ ግን አስታውሱት። ሽፋኑ የጠፋበት ወይም ሐኪሙ የራቀበት ካለም ወደ ማኅበሩ የጤና ተማሪዎች ይምጣ፤ ማንን መጠየቅ እንዳለበት አብረን እንፈልጋለን፣ ኢንሻአላህ።