ነባር የኮምፒውተር ጨዋታዎች በአዳዲስ ማሽኖች ላይ የሚያሳዩት የፍጥነት መዛባት፦ መንስኤውና ማስተካከያው

መግቢያ

ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመግባቴ በፊት በመንዝ ደጋ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበርሁ። ተማሪዎች ኪቦርድ የሚለማመዱት በአንድ የዶስ ዘመን ጨዋታ ነበር። ፊደላት ከስክሪኑ ራስጌ እየወረዱ ይመጣሉ፤ ተማሪውም ግርጌው ላይ ሳይደርሱ ተመሳሳዩን ቁልፍ መምታት ይኖርበታል። ጨዋታው በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ለጀማሪ የሚመች ነበር። ጥቂት አዳዲስ ላፕቶፖች በመጡ ጊዜ ግን ፊደላቱ ዓይን ሊከተላቸው በማይችል ፍጥነት ይወርዱ ጀመር። ከዚያ በፊት ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ ተማሪዎች ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉት፤ «የእኔ እጅ አይፈጥንም» ብለው ከልምምዱ የቀሩም ነበሩ።

የችግሩ ፍንጭ የተገኘው መብራት በጠፋበት ቀን ነው። ላፕቶፖቹ በባትሪ መሥራት ሲጀምሩ ያው ጨዋታ በግልጽ ዝግ አለ። የተማሪዎቹ እጅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ባትሪ ለመቆጠብ ፍጥነቱን የቀነሰው ፕሮሰሰር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ፍንጩን ተከትሎ የመዛባቱን መንስኤዎች ያብራራል፤ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚለይና እንደሚስተካከልም ያመለክታል።

የመዛባቱ መንስኤዎች

ሰዓት በሌለበት ቤት እናት ልጇን «መቶ ቁጠርና ድስቱን አውርደው» ብትለው የወጡ መብሰል በልጁ አቆጣጠር ላይ ይወድቃል። ቀስ ብሎ ቢቆጥር ወጡ ይበስላል፤ ቢጣደፍ ጥሬውን ይወርዳል። ከነባር ጨዋታዎች ብዙዎቹ ጊዜን የሚለኩት በዚሁ መንገድ ነው። ፕሮግራሙ ጥቂት መቆየት ሲፈልግ ፕሮሰሰሩን ባዶ ቆጠራ ያስቆጥረዋል፤ ቆጠራው ሲያልቅ ጊዜው እንደ ደረሰ ይቆጠራል።

ይህ አሠራር በዘመኑ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ኢንቴል 8088 የተባለው ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርዝ የሚሠራበት ስለ ነበር፣ የፕሮግራም ጸሐፊው ቆጠራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ማሽኑ የራሱ ሰዓት ቆጣሪ ቢኖረውም በተለመደው አሠራሩ በሰከንድ 18.2 ጊዜ፣ ማለትም በየ55 ሚሊሰከንዱ ገደማ ብቻ ይመታ ስለ ነበር ለስላሳ እንቅስቃሴ ለሚሻ ጨዋታ አይበቃም ነበር። ፈጣን ፕሮሰሰሮች ሲመጡ በቆጠራ የተሠሩት ጨዋታዎች አብረው ፈጠኑ። በዚያ ዘመን ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የነበረው «ቱርቦ» የተሰኘ ቁልፍ ስሙ ማፍጠንን ቢያመለክትም፣ ዋና ጥቅሙ ለነዚህ ፕሮግራሞች ሲባል ማሽኑን ማዘግየት ነበር።

ይህን ድክመት ለማረም የተሞከረ ዘዴም በራሱ ችግር አስከትሏል። በቦርላንድ ኩባንያ ቱርቦ ፓስካል ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ሲነሡ በ55 ሚሊሰከንድ ውስጥ ስንት ዙር መቁጠር እንደሚቻል ይለኩና ውጤቱን ለ55 ያካፍሉ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ድርሻው የሚቀመጥበት ቦታ ባለ 16 ቢት በመሆኑ ከ65,535 በላይ አይዝም። ስለዚህ ቆጠራው ከ3.6 ሚሊዮን ሲያልፍ ፕሮግራሙ ገና ከመነሣቱ «ስህተት 200» ብሎ ይቆማል። መልእክቱ በዜሮ ማካፈልን ቢጠቅስም በሥፍራው ዜሮ የለም፤ ውጤቱ ከመያዣው በልጦ ነው። ችግሩ 200 ሜጋኸርዝ ገደማና ከዚያ በላይ በሆኑ ማሽኖች ላይ ጎልቶ ታየ።

በኋለኞቹ የዊንዶውስ ጨዋታዎች ላይ ሌሎች ሁለት መንስኤዎች ይታያሉ። አንደኛው የጨዋታውን እርምጃ ከስክሪኑ ምስል ጋር ማሰር ነው። አንድ ፊደል በእያንዳንዱ ምስል 2 ነጥብ ይወርዳል እንበል። በሰከንድ 60 ምስል በሚያሳይ ስክሪን 480 ነጥብ ለመውረድ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ 144 ምስል በሚያሳይ ስክሪን ግን 1.7 ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛው የፕሮሰሰሩን የውስጥ ቆጣሪ እንደ ሰዓት መጠቀም ነው። በመጀመሪያዎቹ ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰሮች ላይ የሁለቱ ኮሮች ቆጣሪዎች ሊለያዩ ይችሉ ስለ ነበር ጨዋታው አንዴ እየዘለለ አንዴ እየቆመ ይሄዳል።

መንስኤውን መለየት

ማስተካከያው እንደ መንስኤው ስለሚለያይ መለየቱ ይቀድማል። በዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ወደ 50 በመቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ጨዋታው በዚያው ልክ ከዘገየ መንስኤው የፕሮሰሰር ቆጠራ ነው፤ በመንዝ መብራት ሲጠፋ ያየነውም ሳናስበው የተደረገ ይኸው ሙከራ ነበር። የስክሪኑን የምስል ድግግሞሽ ወደ 60 ስናወርድ ፍጥነቱ ከተስተካከለ መንስኤው ከምስል ጋር መታሰሩ ነው። ፍጥነቱ ወጥ ሳይሆን የሚዘልል ከሆነ የኮሮቹን ቆጣሪ መጠርጠር ይገባል።

ማስተካከያዎች

ለዶስ ዘመን ጨዋታዎች ተመራጩ መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ዶስቦክስ ነው። ዶስቦክስ በአዲሱ ማሽን ውስጥ የድሮውን ማሽን አስመስሎ ይሠራል፤ ዶስ ፕሮግራሞችን በቀጥታ በማይቀበለው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይም ያገለግላል። ፍጥነቱን የሚወስነው «ሳይክልስ» የተሰኘው ቁጥር ነው። ከ3000 ጀምሮ ጨዋታው እየሄደ ኮንትሮልን ይዞ ኤፍ 11ን በመጫን መቀነስ፣ ኤፍ 12ን በመጫን መጨመር ይቻላል። ተስማሚው ቁጥር ሲገኝ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ይጻፋል። ቱርቦ ፓስካል ላስከተለው ስህተትም ሳይክልሱን ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዶስቦክስ በነጻ የሚገኝና መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ የሆነ ፕሮግራም በመሆኑ ከደብረ ብርሃን በፍላሽ ተይዞ መሐል ሜዳ፣ ራቤል ወይም ዓለም ከተማ ያለ ኢንተርኔት ሊጫን ይችላል።

ከምስል ጋር ለታሰሩ ጨዋታዎች ስክሪኑን በ60 ድግግሞሽ አድርጎ ጨዋታው ከስክሪኑ ጋር እኩል እንዲሄድ ማዘዝ፣ ወይም በግራፊክስ ካርዱ ማስተካከያ የምስሉን ቁጥር መገደብ ይበቃል። የቆጣሪ ልዩነት ላለባቸው ደግሞ በታስክ ማናጀር በኩል ጨዋታውን በአንድ ኮር ላይ ብቻ እንዲሠራ መወሰን ይቻላል።

መደምደሚያ

መንስኤዎቹ ቢለያዩም ሥራቸው አንድ ነው፤ ፕሮግራሙ ጊዜን በሰዓት መለካት ሲገባው በማሽኑ ድካም ለካው። ዛሬ ለትምህርት ቤቶቻችን ሶፍትዌር የሚሠራ ሁሉ ይህን ሊያስብበት ይገባል። «በእያንዳንዱ ምስል 2 ነጥብ ውረድ» ከማለት ይልቅ «በሰከንድ 120 ነጥብ ውረድ» ብሎ ካለፈው ምስል ወዲህ ያለፈውን ጊዜ በፍጥነቱ ቢያባዛ፣ ፕሮግራሙ በአሮጌውም በአዲሱም ኮምፒውተር ላይ እኩል ይሄዳል። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ማሽኖች ጎን ለጎን በሚሠሩበት አካባቢ ይህ የግድ ነው።

በዚያ ትምህርት ቤት ዶስቦክስ ከተጫነ በኋላ ፊደላቱ በሁሉም ማሽኖች ላይ በእኩል ፍጥነት ወረዱ። ከልምምዱ ከቀሩት ተማሪዎች ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። የማሽን ፍጥነት በአንድ ቁጥር ይስተካከላል። አንድ ተማሪ «አልችልም» ብሎ ከደመደመ በኋላ ማስተካከል ግን ከዚያ እጅግ ይከብዳል፤ ስለዚህም መምህሩ የተማሪውን እጅ ከመገምገሙ በፊት የሚገመግምበትን መሣሪያ ይመርምር።