ከበረዶ ሥር ያሉ ውቅያኖሶችና ከምድር ውጭ ሕይወትን የመፈለግ ጥረት

“ከምድር ውጭ ሕይወት ተገኘ” የሚሉ ዜናዎች በየጊዜው ይሰማሉ። ከእነዚህ የአንዳንዶቹ መነሻ በጁፒተርና በሳተርን ዙሪያ በሚዞሩ፣ በበረዶ በተሸፈኑ ጨረቃዎች ላይ የተካሄደ ጥናት ነው። እስከ አሁን ግን ከምድራችን ውጭ በየትኛውም ሥፍራ ሕይወት ስለመኖሩ የተረጋገጠ ነገር የለም። ከበረዶው ሥር ፈሳሽ ውኃ ስለመኖሩ በአንጻሩ ጠንካራ ማስረጃ ተገኝቷል። ይህ ጽሑፍ ማስረጃው እንዴት እንደተገኘ፣ ውኃ መገኘቱና ሕይወት መገኘቱም ለምን የተለያዩ ጉዳዮች እንደሆኑ ለአንባቢያን ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውቅያኖሶቹ የት ይገኛሉ?

በሰፊው ከተጠኑት መካከል ሁለቱን እንጥቀስ። የመጀመሪያዋ ጋሊልዮ ጋሊሌይ በ1610 ያገኛት የጁፒተር ጨረቃ ዩሮፓ ናት። የመሐል ለመሐል ስፋቷ 3,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከእኛዋ ጨረቃ በጥቂቱ ታንሳለች። በተመራማሪዎች ግምት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ውፍረት ካለው የበረዶ ቅርፊቷ ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ ይገኛል፤ የያዘው ውኃም በምድራችን ውቅያኖሶች ካለው ውኃ ሁለት እጥፍ ያህል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛዋ የሳተርን ጨረቃ ኢንሴላደስ ናት። ስፋቷ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ በአየር ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል።

ውኃው ለምን አልቀዘቀዘም?

ጨረቃዎቹ ከፀሐይ እጅግ የራቁ በመሆናቸው ገጽታቸው በብርድ የደነደነ ነው። የውስጣቸው ሙቀት የሚመነጨው ከፀሐይ ሳይሆን ከስበት ኃይል ነው። ዩሮፓ በጁፒተር ዙሪያ ያላትን ጉዞ በሦስት ቀን ተኩል ታጠናቅቃለች። ጎረቤቶቿ አዮና ጋኒሜድ ስለሚስቧት ምሕዋሯ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ስለዚህ አንዴ ወደ ጁፒተር ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። በዚህም የስበቱ ጫና እየጠነከረና እየላላ አካሏን ያለማቋረጥ ይለጥጣል፣ ይጨምቃል። የብረት ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉትና ሲዘረጉት እንደሚሞቅ ሁሉ የጨረቃዋም ውስጥ በፍትጊያ ይሞቃል። በኢንሴላደስም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው።

ያልታየው ውቅያኖስ እንዴት ታወቀ?

ከ1995 እስከ 2003 በጁፒተር ዙሪያ የቆየችው ጋሊልዮ የተሰኘች መንኮራኩር በዩሮፓ አጠገብ ስታልፍ መግነጢሳዊ መስክን ለክታ ነበር። የጁፒተር መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ ዩሮፓ የራሷን ምላሽ እንደምትሰጥ ተደረሰበት። ይህ እንዲሆን በውስጧ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ ነገር መኖር አለበት። ጠጣር በረዶ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ጨዋማ ውኃ ግን ይችላል።

የኢንሴላደስ ማስረጃ ከዚህም የቀረበ ነው። ካሲኒ የተሰኘችው መንኮራኩር በ2005 ከጨረቃዋ ደቡባዊ ዋልታ ስንጥቆች የውኃ ተንና የበረዶ ብናኝ ወደ ሕዋ ሲፈናጠር አየች። ከዚያም በፍንጣሪው መካከል ደጋግማ በማለፍ ይዘቱን መረመረች። በዚህም ጨው፣ ካርቦን ያዘሉ ውህዶችና ሃይድሮጅን ተገኝተዋል። በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ የጨረቃዋ ቅርፊት በጥቂቱ እንደሚወዛወዝ አረጋገጠ። የውዝዋዜው መጠን ቅርፊቱ ከውስጠኛው ዐለት ጋር እንዳልተጣበቀ፣ በመካከላቸውም ጨረቃዋን በሙሉ የሚያካልል ውቅያኖስ እንዳለ የሚያሳይ ነው። የካሲኒ መረጃ ከዓመታት በኋላም ፍሬ በመስጠት ላይ ነው፤ በ2023 ለሕይወት አስፈላጊ የሆነው ፎስፈረስ በበረዶው ብናኝ ውስጥ በፎስፌት መልክ መኖሩ ተገልጿል።

ሕይወት ያለ ፀሐይ ብርሃን ሊኖር ይችላልን?

በምድራችን ይችላል። በ1977 በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ፣ ብርሃን በማይደርስበት የውቅያኖስ ወለል ላይ ፍል ውኃ የሚወጣባቸው ምንጮች ተገኙ። በዙሪያቸውም ኬሚካሎችን ለኃይል ምንጭነት በሚጠቀሙ ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ የተመሠረተ ሕይወት ነበር። በኢንሴላደስ የተገኙት ሃይድሮጅንና ደቃቅ የሲሊካ ብናኞችም ሙቅ ውኃ ከዐለት ጋር እንደሚገናኝ ያመለክታሉ። ተስፋው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ከዳሎል የሚገኝ ትምህርት

ይሁን እንጂ ውኃና ሙቀት መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆን ሥፍራ በአገራችን ይገኛል። በአፋር ክልል የሚገኘው የዳሎል ፍል ውኃ እጅግ ጨዋማና እጅግ አሲዳማ ሲሆን፣ ሙቀቱ በአንዳንድ ቦታ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በ2019 የወጡ ሁለት ጥናቶች ስለ ሥፍራው የተለያየ ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። አንደኛው እጅግ ደቃቅ የሆኑ ተሕዋስያን ምልክት መገኘቱን ገልጿል። ሌላው በዙሪያው ባሉ የተሻሉ ቦታዎች ሕይወት እንዳለ፣ እጅግ በከፉት ኩሬዎች ውስጥ ግን እንዳላገኘ አስታውቋል፤ የማዕድን ቅንጣቶችም የሕይወት ሕዋስ መስለው ሊያሳስቱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ተመራማሪዎች በእግራቸው ቆመው ናሙና በቀዱበት ሥፍራ እንኳ መስማማት ከከበደ፣ ከብዙ መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ርቀት በሚመጣ መረጃ ላይ ያለው ጥንቃቄ ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባ መገመት አያዳግትም።

አሁን ያለው ጥረት

የአውሮፓ የሕዋ ኤጀንሲ ጁስ የተሰኘችውን መንኮራኩር በሚያዝያ 2023 ወደ ጁፒተር ጨረቃዎች ልኳል፤ በ2031 ትደርሳለች ተብሎ ይጠበቃል። የአሜሪካው ናሳ ደግሞ ዩሮፓ ክሊፐርን በጥቅምት 2024 አምጥቋል፤ በ2030 ጁፒተር ዘንድ ደርሳ በዩሮፓ አጠገብ 49 ጊዜ ያህል እንድታልፍ ታቅዷል። የዩሮፓ ክሊፐር ተግባር ሥፍራው ለሕይወት የተመቸ መሆን አለመሆኑን ማጥናት እንጂ ሕይወትን ራሱን ፈልጎ ማግኘት አይደለም።

ጥንቃቄው ለጨረቃዎቹም ጭምር ነው። ጋሊልዮና ካሲኒ ተልእኳቸውን ሲያጠናቅቁ በጁፒተርና በሳተርን ከባቢ አየር ውስጥ ተቃጥለው እንዲጠፉ የተደረገው ከምድር የሄዱ ተሕዋስያን ጨረቃዎቹን እንዳይበክሉ ነው።

ዜናዎችን ስናነብ ምን እንጠይቅ?

ስለዚህ ጉዳይ አዲስ ዜና ሲወጣ አንባቢያን የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢያነሡ ይጠቀማሉ፦

1. ተገኘ የተባለው ውኃ ነው፣ ለሕይወት የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው ወይስ ሕይወት ራሱ?
2. ግኝቱ ያለ ሕይወት፣ በተፈጥሯዊ የኬሚካል ሂደት ብቻ ሊብራራ ይችላል?
3. ሌሎች ተመራማሪዎች በራሳቸው መንገድ መርምረው አረጋግጠውታል?

ለሦስቱም ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ እስኪገኝ ድረስ ዜናውን በጉጉት መከታተል እንጂ እንደተረጋገጠ እውነት ለሌሎች ማስተላለፍ አይገባም።