የተርቧ ጥቂያና የአዝመራው ዕጣ

የሰብልን ተባይ በተፈጥሮ ጠላቱ ስለ መከላከል ሲነገር ዘወትር የሚጠየቀው ስንት ተርብ እንደ ተለቀቀ ነው። እኔ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ከተለቀቁት እንስቶች መካከል ስንቶቹ ከተባዕት ጋር ተገናኝተው እንደ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

በንብና በተርብ ወገን ዘንድ የፆታ ሥርዓት ከእኛና ከከብቶቻችን የተለየ ነው፤ የወንድ ዘር ያገኘ እንቁላል እንስት ሲሆን፣ ዘር ሳያገኝ የተጣለው ደግሞ ሳይበላሽ ተባዕት ሆኖ ይፈለፈላልና፣ ተባዕቱ በእናቱ በኩል አያት ይኖረዋል እንጂ አባት የለውም። ይህን ምስጢር በንቦች ላይ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1845 የገለጠው በሲሌዥያ ንብ ያነብ የነበረ ያን ጄርዞን የተባለ ካህን ነው፤ ድንጉላ ንብ ያለ አባት ይወለዳል ማለቱ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ብርቱ ክርክር ቢያስነሣበትም ምርመራው እውነተኛነቱን አጽንቶለታል።

ይህ ሥርዓት ለገበሬ ምን እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ እንይ፤ በኒጄር፣ በማሊና በቡርኪና ፋሶ የሕዝቡ ዋና ምግብ በሆነው በቡልቱግ ዛላ ውስጥ ጠምዛዛ መንገድ እየቦረቦረ የሚኖር፣ ተሸሽጎም ስለሚበላ የመድኃኒት ርጭት በቀላሉ የማያገኘው ትል አለ። እርሱን ለመከላከል ሀብሮብራኮን ሄቤቶር የተባለችው፣ ርዝመቷ 3 ሚሊሜትር ያህል የሆነች ተርብ ትረባለች፤ ይኸውም በትንሽ የጆንያ ከረጢት ጥቂት የቡልቱግ ፍሬና ዱቄት፣ የጎተራ እህል የሚበሉ የእሳት እራት ትሎችና ሁለት የተጠቁ፣ ማለትም ከተባዕት ጋር የተገናኙ፣ እንስት ተርቦች ይከተቱና ከረጢቱ በመንደሩ ይንጠለጠላል። እናቲቱ ትሉን በመርዟ ወግታ ካደነዘዘች በኋላ እንቁላሎቿን በገላው ላይ ትደረድራለች፤ እጮቿም ከውጭ ሆነው እየመጠጡት ያድጋሉ፤ ክንፍ ሲያወጡም በጆንያው ቀዳዳ ሾልከው ወደ እርሻው ይበራሉ።

እነዚያ ሁለቱ እናቶች ሳይጠቁ ቢከተቱ ምን ይሆናል? ትሎቹን እንደ ተለመደው ይወጋሉ፣ እንቁላልም ይጥላሉ፤ ስለዚህ ላይ ላዩን ለሚያይ ሥራው የተሳካ ይመስላል። ነገር ግን ከከረጢቱ የሚወጡት ሁሉ ተባዕት ናቸው፤ ተባዕት ደግሞ መውጊያ ስለሌለው አንድም ትል አይገድልም። ጉዳቱ በመጀመሪያው ትውልድ ሳይሆን በሁለተኛው መገለጡ ነው ነገሩን አሳሳቢ የሚያደርገው። የተጠቃች እንስት በሆዷ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት የወንዱን ዘር አኑራ፣ እያንዳንዱ እንቁላል ሲያልፍ ዘሩን በመስጠት ወይም በመንፈግ የልጇን ፆታ ትወስናለች፤ ዘሩ ያለቀባት እንደሆነ ግን እንዳልተጠቃችው ወንዶችን ብቻ ወደ መውለድ ትመለሳለች።

መጠቃትም ብቻውን አይበቃም፤ ከማን ጋር የሚለው ጥያቄ ይከተላልና። ፊኒያስ ዋይቲንግ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ በዚህችው ተርብ ላይ ባደረገው ምርምር፣ እንስት ለመሆን ፆታን በሚወስነው ስፍራ ላይ ከአባትና ከእናት የሚመጡት ሁለቱ የዘር ምልክቶች የተለያዩ መሆን እንዳለባቸው አሳይቷል። ወንድም እኅቱን ሲያጠቃና ምልክቱ ከእርሷ ሁለት ምልክቶች ከአንዱ ጋር ሲመሳሰል፣ ዘር ካገኙት እንቁላሎች ግማሹ ሁለት ተመሳሳይ ምልክት ይዘው እንስት መሆን ያቅታቸዋል፤ አብዛኞቹም ሳይፈለፈሉ ይቀራሉ። አባቶቻችን ዝምድናን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ጋብቻን እንደሚከለክሉ ሁሉ፣ ተርብ የሚያረባ ሰውም የዘር ሐረግን ነገር ሊያስብበት ይገባዋል።

እርግጥ ለዚህ ሥርዓት የማይገዙ አሉ፤ ትሪኮግራማ በሚባሉት እጅግ ደቃቅ ተርቦች አንዳንድ ወገኖች ውስጥ ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ስለሚኖር፣ ያልተጠቃችው እናት ሴቶችን ትወልዳለች፤ ባክቴሪያውን የሚገድል መድኃኒት ሲሰጣት ግን ወንዶችን መውለድ ትጀምራለች። ሀብሮብራኮንን ለሚያረባ ሰው ግን ይህ መውጫ የለውም።

ስለዚህ ይህን ሥራ የያዛችሁ ወይም ልትይዙት ያሰባችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ እንስቶቹን ከመክተታችሁ በፊት ከተባዕቶች ጋር የሚገናኙበትን ጊዜ ስጧቸው፤ ከእርሻ የተሰበሰቡ አዳዲስ ተርቦችንም በየጊዜው ወደ መንጋው ጨምሩ፤ ከየከረጢቱ የሚወጡትንም ስትቆጥሩ ሴቶቹን ለብቻ ቁጠሩ።