የጭቃ አበል አንጠይቅም



የዝውውር ዝርዝር ሲለጠፍ የመንግሥት ሠራተኛ አብዝቶ የሚፈራው በረሃውን ነው። ለበረሃው ግን የበረሃ አበል ታስቦለታል። ከይርጋ ጨፌ አጠገብ በኢዲዶ ለተመደበ መምህር ምን ታሰበለት?

አገሩ ነፋሻ ነው፤ ቡናው ባሕር ማዶ በስሙ ይጠራል፤ የጌዴኦም መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ይህ ሁሉ ክብር እያለ የሚከራይ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው። ጌዴኦ ሕዝቡ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ገጠሮች አንዱ ስለ ሆነ ለእንግዳ የሚተርፍ ጎጆ ከየት ይምጣ? ስለዚህ መምህሩ በከተማ አድሮ፣ በመስከረም ጭቃ ጫማውን በእጁ ይዞ ይመላለሳል። (ቡና ጫኙ መኪና የሚበዛው መንገዱ ከደረቀ በኋላ ነው።) በመንፈቀ ዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፤ ልጆቹም ላልተማሩት ምዕራፍ ፈተና ይቀመጣሉ።

የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አበሉን ትቶ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ቢያሠራልን ይበቃናል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር