ሣር ሁሉ አንድ ነውን?

በዛሬው ጽሑፌ ስለ ሣር ላወጋችሁ አስቤአለሁ። «ስለ ሣር ደግሞ ምን ይወራል?» ትሉ ይሆናል። በልጅነቴ አንድ ነገር በዓይኔ እስካይ ድረስ እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደሴ ወጣ ባለ ደጋማ ቀበሌ ከአያቴ ዘንድ እኖር ነበር። ጠዋት ቁርአን እቀራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ አስኳላ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ለዐስር ሶላት ስንሰባሰብ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ከመስጊዱ በር ላይ ተንገዳገዱ። አንደበታቸው ተሳሰረ፤ ዓይናቸው ፈዘዘ። ዕድሜ ልካቸውን አስካሪ ነገር ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። እኛ ልጆቹ ግን ሳቅን። ከትልልቆቹም መካከል «ዛሬስ ምን ጠጡ?» ብሎ ያንሾካሾከ አልጠፋም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለቤታቸውንና የልጅ ልጃቸውንም አዞራቸው፤ አስመለሳቸውም። አያቴ ይህን ሲሰሙ ወደ ጎረቤቶቻችን ቤት ሄደው «ለምሳ የበላችሁት ቂጣ ከየትኛው እህል ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ከገበያ ተገዝቶ ሳይበጠርና ሳይለቀም የተፈጨ ስንዴ ኖሯል። በጆንያው ከተረፈው ላይ በመዳፋቸው ዘገን አድርገው ወደ ብርሃን አቀረቡና «እንክርዳድ ነው እኮ!» አሉ። ሦስቱም በማግስቱ ተሻላቸው። አዛውንቱ ግን ብዙ ጁምዓ እስኪያልፍ ድረስ ከፊተኛው ሶፍ አልቆሙም።

እንክርዳድም ሣር ነው፤ ስንዴም ሣር ነው። አንዱን ከአንዱ ለይቶ ማወቅ የአንድን ቤተሰብ ጤና፣ አልፎም የአንድን ሰው ክብር ይጠብቃል።

ሣር በምን ይታወቃል?

በእጽዋት ትምህርት ሣር የሚባለው ከብት በሜዳ ላይ የሚግጠው ብቻ አይደለም። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሸንበቆና ቀርከሃ ሁሉም ከአንድ የሣር ቤተሰብ ይመደባሉ። የዚህ ቤተሰብ አባላት በዓለም ላይ ከ11,000 ዓይነት በላይ ናቸው። መለያቸው ሦስት ነው።

አንደኛው አገዳው ነው። የሣር አገዳ አብዛኛውን ጊዜ ክብ ሲሆን አንጓ አለው። በአንጓና በአንጓ መካከል እንደ ሸንበቆ ክፍት የሆነው ይበዛል፤ የበቆሎና የማሽላ ግን ድፍን ነው።

ሁለተኛው ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ከአንጓው ተነሥቶ አገዳውን እንደ ሰገባ አቅፎ ይወጣና ከዚያ ይለያል። ቅጠሎቹ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ እየተፈራረቁ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። ቅጠሉ ከአገዳው በሚለይበት ቦታ ላይ ስስ ሽፋን ወይም የፀጉር መስመር ይታያል። ባለሙያዎች ገና ያላፈራን ሣር የሚለዩት ይህችን ቦታ አይተው ነው።

ሦስተኛው ዛላው ነው። የጤፍ ዛላ የተበተነ ነው፤ የስንዴ ዛላ የተጠጋጋ ነው፤ የሰርዶ ዛላ ደግሞ ከአንድ ቦታ እንደ ጣት ይዘረጋል።

ይህን ካወቃችሁ በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ለዒድ ወይም ለመውሊድ ከምትጎዘጉዙት ቄጤማ አንዱን መዛችሁ በሁለት ጣቶቻችሁ መካከል አሽከርክሩት። ሦስት ማዕዘን እንዳለው ትረዳላችሁ። አገዳው አንጓ የለውም፤ ውስጡም ድፍን ነው። ቅጠሎቹም በሦስት ረድፍ ይወጣሉ። ስለዚህ ቄጤማ ሣር ቢመስልም ቤተሰቡ ሌላ ነው።

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ለዚህ ትምህርት እንደ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመች አገር የለም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሐረጎን ወርደን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ የምናገኛት ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በላይኛው አገር ገብስና ስንዴ፣ በታችኛው ጤፍና ማሽላ ይበዛል። የአንድ ስንዴ ፍሬን ክብደት ለማግኘት 150 ያህል የጤፍ ፍሬ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ግን ዘመዳሞች ናቸው።

በመንገዱ ዳር ሰርዶ አለ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የተባለለት ነው። ሰርዶ በመሬት ላይ እየተሳበ በየአንጓው ሥር ስለሚሰድ አህያዋ ብትሞትም መብቀሉን አይተውም። ለቤት ክዳን የሚታጨደው ረጅሙ ሰንበሌጥም፣ እናቶቻችን ለስፌት የሚመርጡት አክርማና ስንደዶም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ሣር ቢጋጥ፣ ቢታጨድ ተመልሶ የሚያድገው ለምንድን ነው? የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከታች፣ ከቅጠሉ ሥርና ከአንጓው አካባቢ ስለሆነ ነው። ክር የመሰለው ብዙ ሥሩም አፈሩን አጥብቆ ይይዛል። ተዳፋት ለበዛበት ለወሎ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

እንክርዳድን እንዴት እንለየው?

የእንክርዳድ ሳይንሳዊ ስሙ ሎሊየም ቴሙሌንተም ነው። ሁለተኛው ቃል በላቲን «የሰከረ» ማለት ነው። ዐረቦች ዙዋን ይሉታል። ተመራማሪዎች መርዙን በፍሬው ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ጋር ያያይዙታል። የበላውን ሰው ያዞረዋል፣ ያንገዳግደዋል፣ ዓይኑን ያፈዘዋል፣ ያስመልሰዋል።

በማሳ ላይ፣ ዛላ ሳያወጣ ስንዴን ስለሚመስል ያታልላል። ዛላው ሲወጣ ግን ልዩነቱ ይታያል። በስንዴ ዛላ ላይ ትንንሾቹ የፍሬ ዘለላዎች በሰፊው ገጻቸው ወደ መካከለኛው ዘንግ ዞረው ይቀመጣሉ። የእንክርዳድ ዘለላዎች ግን በጠርዛቸው ዞረው፣ ግራና ቀኝ ተራርቀው ይሰካሉ፤ ዛላውም ቀጭንና ጠፍጣፋ ይሆናል። ገበሬው ዘሩ ሳይረግፍ በዚህ ጊዜ ነቅሎ ሊያስወግደው ይገባል። እንክርዳድ ያለበትን እህል ለዘር ማስቀመጥም ለከርሞ ችግርን መዝራት ነው።

በቤት ውስጥ ደግሞ ፍሬውን እንይ። የስንዴ ፍሬ ሲወቃ ከገለባው ይላቀቃል፤ የእንክርዳድ ፍሬ ግን ቀጠን ያለና ቀለል ያለ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ገለባው እንደተጣበቀበት ይቀራል። ስለዚህ በሰፌድ ማበጠርና ማንገዋለል፣ በመጨረሻም በእጅ መልቀም የግድ ነው። ከተፈጨ በኋላ መለየት አይቻልም። ከቤተሰብ መካከል ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ካዞረው ምግቡን አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ከእህሉም ጥቂት ይዞ ማሳየት ይበጃል።

ወጣቶች ሆይ! ጠለቅ ብላችሁ ለማወቅ ከፈለጋችሁ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ 7ኛ ጥራዝ እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው ስለ ሣር ቤተሰብ ብቻ ነው። መጽሐፉ እስኪገኝ ግን የእናቶቻችሁ ሰፌድ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ይሁናችሁ። አያቴ ያንን ፍሬ የለዩት አንድም ቀን አስኳላ ሳይገቡ ነው።

እኒያ አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አላህ ይዘንላቸው። ከሳቁባቸው ልጆች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ዐፍው ሳልላቸው ሞቱ። ሰውን ከመጠርጠራችሁ በፊት እህላችሁን መርምሩ የምላችሁ ስለዚህ ነው። ወሰላሙ ዐለይኩም።